ላይ ላዩን የሚሻክረው አውሮፕላን

ይህን ታሪክ ከራሴ አላመጣሁትም። የደረሰባት ሴት በአላህ ስም ምላ የነገረችኝ ነው።

ኅዳር 1962 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ። ሰዓቱም ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ።

ቀድሪያ ትባላለች። የይጁቤ ነጋዴ ልጅ ናት፤ በአንድ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ታስተምራለች። ለሴት ተማሪዎቿ መጋዝና መሮ በማስያዟ ከርእሰ መምህሩ ጋር ዓይንና ናጫ ሆነዋል።

ልጆቹ ከዋንዛ እንጨት ክንድ የሚያህል አውሮፕላን ጠረቡ። ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ዐውደ ርእይ ሊታይ ነው።

«ካማረ ይቀጥሉ» አሏት ርእሰ መምህሩ። «ካላማረ ግን መጋዙን ለወንዶቹ ያስረክባሉ። ሴቶቹ ወደ ጥልፋቸው።»

«ያምራል» አለች።

ማክሰኞ ጠዋት ብርማውን ቀለም የዝንብ መድኃኒት በሚነፋበት የፍሊት መርጫ ነፋችው። እርጥቡ አብረቀረቀ። የእጅ ሥራ ክፍሉን በር ቆልፋ ሄደች፤ ምሳ በልታ ስትመለስ...

ሻክሯል። እንደ ድመት ምላስ።

«ከሩቅ ነፍቼው ነው» አለች ለራሷ። «ቀለሙ አየር ላይ እየደረቀ ነው ያረፈው።» በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ አለሰለሰችውና እዚያው ጠጋ ብላ ደገመችው። ማታ ስታየው ደህና ነበር። ረቡዕ ከቀትር በኋላ ዳሰሰችው።

ሻክሯል።

እንደገና ፋቀች። ቀለሙን በአኳራጅ አቀጠነችው፤ ጓጉል እንዳይኖረው በስስ ጨርቅ አጠለለችው። አቧራ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋች።

ያኔ ነው አንድ ነገር ያስተዋለችው...

የሚሻክረው ላይ ላዩ ብቻ ነው። ሆዱ ልስልስ ያለ ነው። ደግሞ ሁልጊዜ የሚበላሸው እኩለ ቀን ላይ ነው።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ዘበኛው ጋሼ ዓባይ በሩ ላይ ቆመው ግራ ቀኝ አዩ።

«መምህርት... ቀትር ላይ እዚህ አይቀመጡ» አሉ በሹክሹክታ።

«ለምን?»

«እኛም አንቀመጥም።»

«ምን አለ እዚህ?»

«ስም አላወጣንለትም። ብቻ አይቀመጡ።»

«ጋሼ ዓባይ፣ አሥራ ሁለት ልጆች እጃቸው እየደማ የሠሩት ነው። ቅዳሜ ደረሰ። የትም አልሄድም!»

ሽማግሌው አማተቡና ሄዱ።

ቀድሪያ ቀለሙን ነፋች። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ተማሪዎቹ ለምሳ ወጥተዋል። በፀሐይ የጋለው የጣሪያ ቆርቆሮ ቋ... ቋ... ይላል።

ከዚያ ዝም አለ።

ውጭ የሚጮኹት ወፎችም ዝም አሉ።

የግራው ክንፍ ላይ የመዳፍ ያህል ቦታ ጭጋግ ለበሰ። ጠፋ። ደግሞ ለበሰ... ጠፋ።

የራሷን ትንፋሽ ያዘች። ጭጋጉ ግን መምጣትና መሄዱን አልተወም።

ሌላ ሰው እየተነፈሰበት ነው።

ጭጋጉ ባለፈበት ሁሉ ቀለሙ ብጉር ብጉር ይላል። ከግራው ክንፍ ወደ ጀርባው፣ ከጀርባው ወደ ቀኙ ክንፍ... ቀስ እያለ ይሄዳል።

በሩ ሦስት እርምጃ ነው፤ መሮጥ ትችላለች። ግን ልጆቹን አሰበች። ንዴቱ ከፍርሃቱ ቀደመ።

ተነሣች። እጇን ከቀኙ ክንፍ በላይ ዘረጋች።

ቀዝቃዛ፣ እርጥብ ትንፋሽ የእጇ ጀርባ ላይ አረፈ። ከላይ ነው የመጣው።

«ቢስሚላህ» አለች። «ስማኝ! እኔ ከዚህ አልነሣም። ብትፈልግ እስከ ማታ ተንፍስ፤ እጄ አይሻክርም!»

ትንፋሹ ፈጠነ... ተጠጋ። የእጇ ፀጉር ቆመ።

እጇን አላነሣችም።

ከዚያ ትንፋሹ ቆመ።

ክንዷ እስኪዝል እንደዘረጋች ቆየች። ሰባት ሰዓት ሲሆን ቆርቆሮው ቋ አለ። የሻከረውን ብቻ ፍቃ ደግማ ነፋችው። ያን ቀን ቀለሙ ልስልስ ብሎ ደረቀ።

ቅዳሜ ርእሰ መምህሩ ክንፉን በጣታቸው ዳሰሱ። መልሰው ዳሰሱ። መጋዙም ከልጆቹ ጋር ቀረ።

ለብዙ ዘመን ለማንም ያልነገረችው ግን ሌላ ነው። ሐሙስ ዕለት አውሮፕላኑን አቅፋ ልትወጣ ስትል ቀና ብላ አይታ ነበር።

ነጩ ኮርኒስ ላይ፣ አውሮፕላኑ ከነበረበት ጠረጴዛ ትክክል፣ ሁለት እርጥብ የባዶ እግር ዱካዎች ነበሩ። ከእነሱ ቀጥሎ ሌላ ሁለት። ከዚያ ሌላ... ወደ በሩ።

በእነሱ ሥር አለፈች። አልሮጠችም።

ከበሩ በላይ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዞረው ቆመዋል። ጣቶቻቸው ወደ እሷ።