እድፍ የመሰሉ አማልክት

«ለቀቀልሽ!» አለ አባቷ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ አረፋው ገና ከጣቱ ሳይደርቅ። «ምን ዓይነት ጉደኛ እድፍ ነው ልጄ! ሦስት ጊዜ ነው ያሸሁት። ዓይን ሁሉ ነበረው እኮ!»

ልጅቷ ከትምህርት ቤት መምጣቷ ነው፤ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። ገመዱ ላይ፣ ከአባቷ ሸሚዝና ከእሷ ዩኒፎርም መሃል የተሰጣውን አሮጌ አንሶላ ስታይ ክው አለች። ለነገው የትምህርት ቤት የሥዕል ኤግዚቢሽን ሳምንታት የለፋችበት ሥራዋ ነበር።

አንሶላው ላይ ከራሷ አእምሮ ያፈለቀቻቸው ሰዎች ይኖራሉ። «እንጥልጥሎች» ትላቸዋለች። ከሰማይ በወረደ ገመድ ላይ ቤት ሠርተው፣ ገመድ ላይ ወልደው፣ ገመድ ላይ የሚያረጁ ናቸው። ለምን አይወድቁም? አማልክታቸው ከላይ ተቀምጠው ገመዱን ይዘውላቸዋላ! ሰዎቹንና ገመዶቹን በማርከር፣ አማልክቱን ደግሞ በውሃ ቀለም ነበር የሠራቻቸው። ማርከሩ እንዳለ ነው። ሰማዩ ግን ባዶ ሆኗል፤ ነጭ በነጭ።

ደሟ ፈላ። «ማን እጠበው አለህ?» ልትል አፏን ከፈተች። አባቷ ሌሊቱን ዳቦ ቤት፣ ምድጃ ፊት ቆሞ ነው የሚያድረው፤ በዚህ ሰዓት መተኛት ነበረበት። ቅንድቡ ላይ ዱቄት ቀርቶበታል። ቤቱ ውስጥ ያሉት ደግሞ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እሱ ካላጠበ ማን ያጥባል?

«ነገ ኤግዚቢሽን አለኝ ስትዪ አልነበር? ሁሉ ነገርሽ ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ነው» አለ።

እንባዋ ቀደማት። «አባዬ፣ እድፍ አይደለም። ሥዕሌ ነው።»

አባቷ አንሶላውን አየ፣ እሷን አየ፤ ከዚያ የተገለበጠው ባልዲ ላይ ዘጭ አለ።

«እኔ ነኝ ጅሉ» አለ። «እድፍ ዓይን ሲኖረው መጠርጠር ነበረብኝ።»

መሳቅ አልፈለገችም፤ ሳቋ ግን አመለጣት። እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ስለ እንጥልጥሎች አንድ በአንድ ነገረችው። ሰምቷት ሲያበቃ ጣቱን ወደ አንሶላው ቀሰረ።

«ታዲያ አሁን እነዚህን ማን ያዛቸው?»

ልጅቷ ባዶውን ሰማይ ቀና ብላ አየች።

«ቀለም ልግዛልሽ? አሁኑኑ ደርሼ እመጣለሁ!»

«ቀለም አለኝ። አንተ ተኛ፣ በሞቴ።»

አንሶላው ሲደርቅ ወለሉ ላይ ዘርግታ ቀለሟን በጠበጠች። እስኪመሽ ድረስ መልሳ ልትስላቸው ትችላለች፤ የእያንዳንዳቸውን መልክ በቃሏ ታውቀዋለች። ብሩሹን ስታነሳ ከመጋረጃው ጀርባ የአባቷ ማንኮራፋት ጀመረ። ደጅ የጎረቤት ልጆች ኳስ እየመቱ ይንጫጫሉ። በጣቷ ጫፍ ሄዳ በሩን ገርበብ አደረገች።

«እሽሽ! ሰው ተኝቷል!»

ልጆቹ ኳሳቸውን አቅፈው ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። እሷ ግን እዚያው በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። ስንት ጊዜ እንዲህ በጣቷ ጫፍ ሄዳለች? ድሮ ድሮ ይሰለቻት ነበር። አሁን ግን ምሳዋን፣ ደብተሯን፣ የቤቱን ኪራይ ሁሉ ይዞላት የሚያድረው ያ የሚያንኮራፋ ሰው መሆኑ ታያት፤ ደረቷ በምስጋና ሞላ። ተመልሳ ቀለሙን ከደነችው። ከሥዕሉ ሥር በሚለጠፈው ወረቀት ላይም እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«እንጥልጥሎች አማልክታቸው የታጠቡ ቀን ለምን እንዳልወደቁ ብዙ ተከራከሩ። አሁን የሚያምኑት ይህን ነው፦ ሌሊቱን ሙሉ ገመዱን ይዞ የሚያድር አንድ ሰው አለ። ሲነጋ ገመዱን ወገቡ ላይ ቋጥሮ ይተኛል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ገመዱ ላይ ማንም አይሮጥም፤ ሕፃናት እንኳ የሚስቁት በሹክሹክታ ነው።»

አመሻሽ ላይ አባቷ ለሥራ ሲነሳ አነበበው። ጨርሶ ደግሞ ከመጀመሪያው አነበበው።

«ይሄ ሰውዬ... ያንኮራፋል?»

«ኧረ በጣም! ነጎድጓድ የሚሉት እሱን ነው።»

አባቷ ሳቀና ጫማውን ፍለጋ ፊቱን አዞረ፤ ጫማው ግን እግሩ ላይ ነበር። «ነገ ከሥራ በቀጥታ እመጣለሁ» አለ። «አልተኛም።»

ሥዕሎቹን የሚያወዳድሩት ዳኞችና እንግዶቹ የሚመጡት ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ የሚኖሩት ወንበር የሚሰበስቡ ተማሪዎች ብቻ ናቸው።

«ተኝተህ ና፤ የእኔ ከሰዓት ነው» አለችው፣ ገና ያልሆነውን እንደሆነ አድርጋ።

እሱ እንደወጣ ለሥዕል አስተማሪዋ ደወለች።

«ቲቸር፣ የእኔ ሥዕል እስከ ከሰዓት ድረስ ተሸፍኖ ይቆይልኝ?»

«ምነው? ዳኞቹ እኮ የሚመጡት ጠዋት ነው!»

«አውቃለሁ ቲቸር» አለች ልጅቷ። «እንጥልጥሎች ግን ጠዋት እንግዳ አይቀበሉም።»