ከቅርጫት ሥር የተገኘችው ዶሮ

መልካሙ ዘንዘልማ ውስጥ፣ በታላቅ ወንድሙ በምናሴ ጓሮ፣ ከዶሮ ቤቱ በር ላይ ተደፍቶ ተገኘ። አንገቱና ጀርባው ተበሳስቷል፤ ደሙ ጭቃውን አቡክቶታል። ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ አፍ «ጅብ ነው» አለ። ኢንስፔክተር እናትዓለም ግን የገበሬ ልጅ ናትና ጅብ የጣለውን ሳይበላ እንደማይሄድ ታውቃለች። ጎንበስ ብላ ቁስሎቹን ለካች። ሦስት ሦስት ሆነው እኩል ተራርቀዋል፤ የብረት መንሽ ሥራ ነው።

ከሬሳው ሥር አንገታቸው የተጠመዘዘ ሁለት ዶሮዎች በጆንያ ተገኙ። ሦስተኛዋ በሕይወት አለች። ድንጋይ በተጫነበት ቅርጫት ሥር ለብቻዋ ተቀምጣ፣ የተሸረከተ ክንፏ እርድ ተነስንሶበት በነጭ ፋሻ ታስሯል።

ፋሻው ጣጣውን ወደ ሔራን አዞረው። ሔራን ሰርቪስ ቤቱን የተከራየች ነርስ ናት። ባለፈው ሳምንት መልካሙ ሰክሮ በሯን ሲደበድብ «እገድልሃለሁ» ማለቷን ሰፈሩ ሰምቷል። ፋሻውን ለምናሴ ሚስት ለፀሐይወርቅ እንደሰጠቻት ብትናገርም ማን ይስማት? ፀሐይወርቅ ለንግሥ ደቅ ደሴት ከሄደች ሦስት ቀኗ ነው። ቢያዝን የተባለው ፖሊስ ሔራንን በካቴና አሰራት። ምናሴም ዶሮ የሚስቱ ሥራ መሆኑን፣ እሱ ስለ ዶሮ አንዳች እንደማያውቅ፣ ጩኸት ሲሰማ ገና ከአልጋው መነሳቱን ምሎ ተገዝቶ ተናገረ።

እናትዓለም ሁሉንም ጓሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ከዚያ የቆሰለችውን ዶሮ ለቢያዝን ሰጥታ ከሌሎቹ ጋር እንዲቀላቅላት አዘዘች።

«አይሆንም» አለ ምናሴ ሳያስበው፤ «ደም ካዩ ነቁረው ይጨርሷታል።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የምናሴ ግን እስኪያድርም አልቆየ።

«ስለ ዶሮ አላውቅም ያሉት እርስዎ አይደሉም?» አለች እናትዓለም። «ገዳዩ ሰው ከወጋ በኋላ ቁጭ ብሎ ዶሮ አክሟል። የለያትም እንዳይነቁሯት ነው። ሔራንን ቅድም ብጠይቃት፣ ብርድ እንዳይመታት ከሌሎቹ ጋር ትሁን ብላኛለች። እርድ ደግሞ ቢያጥቡትም ከጥፍር ሥር ቶሎ አይለቅም። እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ።»

ምናሴ እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። ቢያዝን ጎትቶ ገለጠው፤ ጥፍሮቹ ቢጫ ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ተናገረ። ለሳምንታት ዶሮ ሲያልቅ መልካሙ ራሱ «ሸለምጥማጥ ነው» እያለ ሽቦ ሲያጥር ያግዘው ነበር። ምናሴም ሸለምጥማጡን ሊገድል መንሽ ይዞ አደፈጠ።

«የመጀመሪያውን በጨለማ ወጋሁ፤ ዶሮዋንም ያኔ ጨረፍኋት። እሱ መሆኑን አላወቅሁም።»

«ሁለተኛውንስ?»

«ስሜን ጠራኝ፤ አወቅሁት። ከነጆንያው ሳየው ደሜ ፈላ። ፀሐይወርቅ ዶሮዎቼን አደራ ብላኝ ነው የሄደችው።»

እናትዓለም ንዴቷን መደበቅ አልቻለችም። ሐኪሙ እንዳለው መልካሙ ነፍሱ ከመውጣቷ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ደሙ ሲፈስ ቆይቷል፤ ዶሮዋ የታከመችውም በዚያው ጊዜ፣ በአጠገቡ ነው።

ቢያዝን የሔራንን ካቴና ፈታ። እሷ ግን ከዚያ አሥር እርምጃ የማይርቀውን የራሷን በር ታያለች።

«ጋሼ ምናሴ» አለች፣ «ቢያንኳኩልኝ እኮ ደሙን አቆምለት ነበር።»

«አስቤው ነበር» አለ ምናሴ። «ከዳነ ይናገራል ብዬ ተውሁት።»