በአንድ ካርድ የገባን ሁለት ሰዎች

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየኝ ጠረጴዛ ሥር በደረቴ ተኝቼ ገመድ እየፈለግሁ ነበር። የሚታየው እግሬ ብቻ ነው።

«ወንድም፣ በሕይወት አለህ?» አለች።

«እስካሁን አለሁ።»

«እንግዲያው ካልሲህ ተቀዷል።»

የማተሚያ ቤቱ አዲሷ የኔትወርክ ባለሙያ ነበረች። እኔ ደግሞ ፐርል የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ከአንድ ሽፋኑ ከጠፋ መጽሐፍ ብቻዬን የተማርኩ፣ ባልደረቦቼ «ሽቦ» የሚሉኝ ቀጭን ሰው ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ምሳ አብረን በላን። እሷ የቀረች ቀን ምሳው ጨው የለውም እላለሁ። ወጥ ሠሪዋም «ጨውስ አለው፤ የጎደለህ ሌላ ነው» ትለኛለች።

እንድታገባኝ ልጠይቃት ፈለግሁ፤ ግን ፈራሁ። ስለዚህ የፈሪ ዘዴ ፈጠርኩ። ታላቅ እህቷ እዚያው ማተሚያ ቤት አራሚ ናት፤ ከሦስት መቶ ገጽ ውስጥ አንዲት የጠፋች ነጥብ ታገኛለች። «ልታገባኝ ትወድ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አልኳት።

«እነግራታለሁ» አለች፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል።

ሁለት ወር ጠበቅሁ። መልስ የለም። ልጅቷን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ፤ ምሳም ለብቻዬ መብላት ጀመርኩ። በመጨረሻ ዝምታም መልስ ነው ብዬ፣ ሩቅ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፍ ለመዛወር ፈረምኩ።

የምሄድበት ቀን መኪናው የሚነሳው በዘጠኝ ሰዓት ነበር። በስምንት ሰዓት ሥራዬን ላስረክባት ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች ያሉበት ሰርቨር ክፍል ገባን። እኔ በካርዴ ከፈትኩ፣ እሷ ተከትላኝ ገባች፣ በሩ ከኋላችን ተዘጋ። ስንጨርስ የመውጫውን ቁልፍ ተጫንኩ።

በሩ አልተከፈተም።

ይህን በር የሚከፍተው እኔ በፐርል የጻፍኩት አጭር ፕሮግራም፣ ስክሪፕት፣ ነው። ቁልፉ ሲነካ የበሩን ትዕዛዝ፣ መቆለፊያውን የሚፈታውን ሌላ ፕሮግራም፣ ያስኬዳል፤ ትዕዛዙ የሚለውን ሁሉ ይቀበልና ሲጨርስ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። እኮራበት ነበር።

«አንተ የጻፍከው ነው?»

«አዎ።»

«ያስታውቃል።»

ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ስልክ አይሠራም። በሩን ብንደበድብም የማሽኖቹ ጩኸት ዋጠው። ክፍሉ ይበርዳል፤ ኮቴን ሰጠኋት፣ ሳታየኝ ደረበችው። ስክሪፕቱን እዚያው ካለው ኮምፒውተር ላይ አራት ጊዜ ደጋግሜ አስነሳሁት። አራቱንም ጊዜ ዝም አለ። ስምንት ተኩል ሆነ።

«እስቲ ተነሥልኝ» ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እየሠራ ያለውን ሁሉ ዘርዝራ አየች። «ያስነሳሃቸው አልሞቱም። ሁሉም አሉ፤ እየጠበቁ ነው።»

«ምን?»

«መልስ። የበሩ ትዕዛዝ አንድ ነገር ጠይቋል። ያንተ ስክሪፕት ጥያቄውን ተቀብሎ ኪሱ ከቶታል። ትዕዛዙ ካልጨረሰ አያወጣውም፤ ትዕዛዙ ደግሞ ካልተመለሰለት አይጨርስም። እንዲህ እንደተያዩ ይኖራሉ።»

ቀዘቀዝኩ። ማቀዝቀዣው አይደለም።

«ምን ሆንክ?»

«እህትሽ... ምንም አልነገረችሽም?»

«ስለ ምን?»

ነገርኳት። እጇ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ እንዳለ ቀረ።

«ሁለት ወር ሙሉ» አለች ቀስ ብላ፣ «ምን አስቀይሜው ነው የሚሸሸኝ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። አንተ መልስ እየጠበቅህ ነበር?»

«በእህትሽ በኩል።»

«እኔ ፊትህ ተቀምጬ አራሚ ትልካለህ?»

«እሺ፣ ራሴ ልጠይቅሽ። ታገቢኛለሽ?»

«አሁን አልመልስም። ተዘግቶብኝ እሺ ብል፣ ነገ ለመውጣት ብላ ነው ትላለህ። መጀመሪያ በሩ።»

የተንጠለጠሉትን ሁሉ አጠፋቻቸው። ከዚያ የበሩን ትዕዛዝ ያለ ስክሪፕቱ በቀጥታ አስኬደችው። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ወጣ፦ «አንድ ካርድ፣ ሁለት ሰው። ይከፈት?» በሩ የገባውን ሰው እንደሚቆጥር ረስቼ ነበር። አዎ ብላ ጻፈች። ተከፈተ።

ደጃፉ ላይ እህቷ የታተመ ወረቀት ታቅፋ ቆማለች። «የት ጠፋህ? ሾፌሩ በክላክስ አደነቆረን» አለችኝ።

«እቴቴ» አለች ታናሽየዋ። «ሽቦ ምን ብሎሽ ነበር?»

እህትየው ወረቀቱን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

«እማዬን ማን ያነሳታል?» አለች። «ጠዋት ከአልጋ፣ ማታ ወደ አልጋ። አንቺ ከሄድሽ የእኔ ወገብ ብቻውን አይችላትም። ፈራሁ።»

ልቆጣት ይገባኝ ነበር። ግን እኔም ፈርቼ አይደል በእሷ የላክሁት?

«ቅጥነቴን አትዪ፣ ሰርቨር ተሸክሜ ደረጃ እወጣለሁ» አልኳት። «ቤት እዚያው ሰፈራችሁ እንከራያለን። የጠዋቱ ተራ የእኔ ይሁን።»

ስህተት ፈልጋ እንዳጣችበት ገጽ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጠረገች።

ክላክሱ እንደገና ጮኸ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

«አሁን ጠይቀኝ» አለች ልጅቷ፣ ኮቴን እንደደረበች። «በሩ ክፍት ነው። አንተም መሄድ ትችላለህ።»

«ታገቢኛለሽ?»

«አዎ።»

ሾፌሩ ሻንጣዬን እያጉረመረመ አወረደልኝ። «ተዘግቶብህ ነበር አሉ። ቆየህ?»

«ሁለት ወር» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት እናታቸውን ከአልጋ ላነሳ ጎንበስ አልኩ። አንገቴን በሁለት እጃቸው ያዙና ከቅርብ አዩኝ።

«ጥያቄህን በሰው የላክኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ለእኔ ብትሰጠኝ በዚያው ቀን ይደርስልህ ነበር።»