የተበላው ኮከብ ነገር

ልዕልት ከመጋረጃው ጀርባ አንዴ በአንድ እግሯ፣ አንዴ በሌላው ትቆማለች። ሳሎን ውስጥ ኤባ የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች ለትዳር ሊጠይቋት መጥተው አባቷ ፊት ቆመዋል።

ከኤባ ጋር የተዋወቁት ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከገላን ኮንዶሚኒየም ወደ ቂሊንጦ በሚሄድ የጠዋት አውቶቡስ ላይ ነው። እሷ ልብስ ፋብሪካ ጥራት ትቆጣጠራለች፤ እሱ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምራል። ጉም በያዘው መስኮት ላይ በጣቱ ክብ ሲስል አይታ፣ «ምንድን ነው እሱ፣ ዳቦ?» አለችው። ሳቀና የሰማይ ነገር መሆኑን እስክትወርድ ድረስ አስረዳት። ከዚያ ወዲህ ቦታ ይይዝላታል። እሷም አንዳንድ ቀን ሆን ብላ ከሰልፉ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ አንገቱን አስግጎ ሲፈልጋት ለማየት።

«የልጁ ሥራ ምንድን ነው?» አሉ አባቷ አቶ ቀናው።

የኤባ አጎት አቶ ለሜሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጁ ያስጠናቸው ሁሉ ጠፍቶባቸዋል።

«የተማረ ነው። ከዋክብትን ይመረምራል። የትኛው ኮከብ እንደተበላ፣ ማን እንደበላው ያውቃል።»



«ጠንቋይ ነዋ!» አሉ አቶ ቀናው። «ሠላሳ ዓመት ያስቀደስኩ ሰውዬ ልጄን ለጠንቋይ ልድር?»

«ኧረ አቶ ቀናው፣ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው!»

«ደመወዝ የሚከፈለው ጠንቋይማ ባሰ! በሉ፣ በሰላም ሂዱ።»

አባቷ አንዴ የመለሱትን ሽማግሌ ደግመው እንደማይቀበሉ ልዕልት ታውቃለች። ሴት ልጅ በራሷ ሽምግልና መሀል እንደማትገባም ታውቃለች። መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

«አባዬ፣ የማንንም ዕድል አያይም።»

«አንቺን ማን ጠራሽ?»

«ማንም። ሰማይ ላይ ብርሃን እንኳ የማያስወጣ ጥቁር ጉድጓድ አለ። ኮከብ ሲጠጋው ይበጣጥሰዋል። ብጥስጣሹ እየተሽከረከረ ወደ ውስጥ ይገባል። አልፎ አልፎ ግን፣ ገና ሳይገባ፣ ጥቂቱ እንደ ቀጭን ጅረት ወደ ውጭ ይወነጨፋል። በፍጥነት ብርሃንን ሊስተካከል ምንም አይቀረው። ኤባ የሚያጠናው እሱን ነው።»

አቶ ቀናው ጡረታ እስኪወጡ ፋብሪካ ውስጥ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣውን ቦይለር ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«እንፋሎት ቀዳዳ ሲያገኝ እንደሚወረወረው?»

«ሊመስል ይችላል።»

«ያን ሁሉ ጉልበት ከየት አመጣው?»

«እሱን ሳይንቲስቶቹም ገና አጥርተው አልደረሱበትም። ኤባም ‹አላውቅም› ነው የሚለው።»

«አላውቅም ይላል?»

«ይላል። ዕረፍት የነሳው እሱ ነው።»

አባቷ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ጠንቋይ አላውቅም ሲል ሰምቼ አላውቅም፣» አሉ። «የት ነው ልጁ?»

አቶ ለሜሳ ደነገጡ። «ወግ አይደለም ብሎ… ኑሪ ሱቅ በር ላይ ነው።»

«ራሱ ይምጣና ያስረዳኝ።»

ልዕልት በነጠላ ጫማ ሮጠች። ኤባ ያልጠጣውን ለስላሳ ጨብጦ ሱቁ በር ላይ ይንጎራደዳል። ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ።

«እምቢ አሉ?»

«ና፣ አባዬ ስለ ኮከቡ ሊጠይቅህ ነው።»

«እኔን? አሁን? ምን ልበላቸው?»

«የማታውቀውን ንገረው።»

እጁን ያዘችው። በሰፈሩ ሰው ፊት ስትይዘው የመጀመሪያዋ ነው። ወደ ቤት ይዛው አመራች። ባለሱቁ ኑሪ ከመደርደሪያው በላይ ቀና ብሎ አያቸው፤ ከወዲያ ማዶ ያሉ ሴቶችም ወሬያቸውን አቋረጡ። አልለቀቀችውም።