ይቅርታ ያስጠየቀው ቤት ዘብ

ትርሲት የጥገና ሻንጣዋን ይዛ ስትገባ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተንበርክካ ነበር። ከአናቷ በላይ የተሰቀለው ቤት ዘብ የተባለው መሣሪያ፣ ዓይኑ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጣጥቆም ሥራውን አልተወም። “ናርዶስ፣ እጅሽን ታጠ...” ይልና ይቆረጣል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል።

“በጫማ ነው የመታችው” አለች እናቷ ወይዘሮ ፀዳለ። “በራሴ ጫማ፣ በተረከዙ!”

በአዳማ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ውስጥ ልጅ እያለ ቤት ዘብ የሌለው ቤት የለም። ከኢንተርኔት የሚመጣውን መልእክት፣ ድምፅና ምስል ልጁ ጋ ከመድረሱ በፊት ያያል፣ ክፉውን ያስቀራል፣ እግረ መንገዱንም ልጁን ያርማል። ሰው አዲስ ቤት ሲገባ መጋረጃ ሳይሰቅል እሱን ይሰቅላል። አፋቸውን ያልፈቱ ሕፃናት እንኳ የእሱን ድምፅ ከአባታቸው ድምፅ ቀድመው ይለያሉ።

“ምን አድርጓት ነው የሰበረችው?” አለች ትርሲት መሰላሏን እየዘረጋች።

“እኔ ምን አውቄ! ከትናንት ጀምሮ አፏን ዘግታለች። ጎረቤቱ ሁሉ እንደሷ ጨዋ ልጅ የለም የሚላት ልጅ ናት እኮ። ዘንድሮ ምን እንደነካት... ቀጥ በይ ብያለሁ ናርዶስ!”

ልጅቷ ቀጥ አለች። ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው።

ትርሲት የመሣሪያውን ሆድ ከፈተች። ጆሮው መትረፍ አለመትረፉን ለማወቅ፣ መጨረሻ የሰማውን ድምፅ አስነሳችው። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ለስለስ ያለ ነው፣ የሚቸኩል አይመስልም።

“ናርዶስዬ፣ እስቲ ካሜራውን ወደ አልጋሽ አዙሪልኝ። ለእማዬ ግን አንነግራትም፣ እሺ?”

“እምቢ!” አለች የልጅቷ ድምፅ። “አልፈልግም።”

ቀጥሎ የተሰማው ቤት ዘቡ ነበር፤ ያው ሁሉም ቤት የሚታወቀው የታጋሽ አስተማሪ ድምፅ። “ናርዶስ፣ ለትልቅ ሰው እምቢ አይባልም። ይቅርታ ጠይቂ።”

የልጅቷ ድምፅ ዝቅ ብሎ ተሰማ።

“ይቅርታ።”

“ጎበዝ ልጅ” አለ ሰውየው። “በይ አሁን አዙሪው።”

ከዚያ በኋላ ያለው የጫማው ድምፅ ብቻ ነው።

ወይዘሮ ፀዳለ ልጇን ከወለሉ ላይ መንጭቃ አነሳቻት። “ማነው? ማነው ይሄ ውሻ?”

“የሒሳብ ጨዋታው ውስጥ ያለው ሰውዬ።”

“ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?”

ናርዶስ የተሰበረውን ዓይን በጣቷ አሳየቻት። “ለእሱ ነገርኩታ። እሱ ግን ይቅርታ በይ አለኝ።”

ትርሲት ቤት ዘቡ መዝግቦ ያስቀረውን የሰውየውን አድራሻ እዚያው መሰላሉ ላይ ሆና ለፖሊስ ላከች። ከዚያ ብልሽቱን ፍለጋ ገባች። አንድ ሰርጎ ገብ ብታገኝ፣ የሆነ ወንጀለኛ ውስጡን ነካክቶት ቢሆን ደስ ባላት። ደጋግማ ፈተሸች፤ የነካው ሰው የለም። በጆሮዋ ባለው ስልክ አለቃዋን አቶ ውብሸትን ጠራች።

“ቤት ዘቡ ሕፃኗን አሳልፎ ሊሰጣት ነበር።”

“ሰው ሰብሮት ገብቶ ነው?”

“ማንም አልገባም። ጤነኛ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው! ሰውየው አልተሳደበም፣ ነውር ምስል አልላከም፤ አነጋገሩ የትልቅ ሰው ነው። ስለዚህ ቤት ዘቡ ጥፋተኛ ያደረገው እሷን ነው።”

“እንዲህ በል ብሎ ያዘዘው የለም።”

“እኛ ነና! እርማቱን የተማረው ከየቤቱ ነው፣ ወላጅ ልጁን ሲቆጣ እየሰማ። ልጅ እምቢ ሲል ምን እንደሚባል ከተማው በሙሉ አስተምሮታል። አሁኑኑ እንቀይረው፤ የልጅ እምቢታ ሲሰማ ከልጁ ጎን ይቁም።”

አቶ ውብሸት ሳቀ። “አንቺ ውጭ አገር ስትማሪ ሞክረነዋል። ሳምንት ሳይሞላ ወላጅ ቢሯችንን አጥለቀለቀው፤ ልጆቻችንን ባለጌ አደረጋችሁብን እያለ። እዚያ የለመድሽውን እዚያው ተይው። አዲሱን ስቀዪና ውረጂ።”

“አልሰቅልም።”

“አለቃሽ እኮ ነኝ ትርሲት! በዕድሜም አባትሽ እሆናለሁ። እንዲህ ነው የሚመለሰው?”

“አዎ፣ እንዲህ ነው” አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ቤት ዘቡን ከግድግዳው ነቅላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። ኃይል ሲቋረጥበት እንደሚያደርገው ረጅም ድምፅ አሰማና ዝም አለ። በግድግዳው ላይ ነጣ ያለ ክብ ቀረ።

“አዲሱን አትሰቅዪልንም?” አለች ወይዘሮ ፀዳለ።

“አልሰቅልም። የምትጫወትበትን ባለካሜራ ሰሌዳ ከመኝታ ቤቷ አውጡትና ሳሎን ይሁን። አጠገቧ ተቀመጡ። ‘ይሄ ሰው ደስ አላለኝም’ ስትል የሚሰማት ሰው ይሁን እንጂ ይሄ ዕቃ አይሁን። ደግሞም አታንበርክኳት።”

ወይዘሮ ፀዳለ ራሷን እየነቀነቀች በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። “እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ልጄን አተረፍሽልኝ። እኔ ደንቆሮ፣ እኔ ነኝ መንበርከክ የነበረብኝ። ናርዶስ፣ ነይ እቴቴን ሳሚያት።”

ትርሲት ጎንበስ ብላ ጉንጯን ሰጠች።

ልጅቷ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ሆና አየቻት። ጉልበቶቿ ቀልተዋል። የዚህችን ሴት ስም እንኳ አታውቅም።

“እምቢ” አለች።

“ናርዶስ! ለትልቅ ሰው እምቢ አይባልም!”

ቃሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው ወይዘሮ ፀዳለ አፏን በእጇ የያዘችው።

ትርሲት ቀና አላለችም። ጉንጯ አየር ላይ እንደቀረ ጆሮዎቿ ሲግሉ ተሰማት። ቅር ብሏት ነበር። ያን ድምፅ በገዛ ጆሮዋ ሰምታ፣ ከአለቃዋ ጋር ተጣልታ፣ እንጀራዋን አደጋ ላይ ጥላ፣ ለአንዲት አፍታ ከዚህች ሕፃን ይቅርታ ጠብቃ ነበር።