ሞቃ የጠበቀች መኪና

አጎት ዱዌይን የቀኝ እጁን ጓንት በጥርሱ ጎትቶ አወለቀና መዳፉን በመኪናዋ ኮፈኖ ላይ ለጠፈ። የታማሚ ግንባር እንደሚዳስስ ሐኪም ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ልጅ ወደ ዊላ ዞረ።

«ሞቃለች» አለ።



የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ብርድ እንዲሁ በዋዛ የሚወራ አልነበረም። በኅዳር ከሚከበረው የምስጋና በዓል ማግስት ጀምሮ ከሐይቁ የተነሳው ነፋስ የሚሺጋንን ምድር እንደ ብርጭቆ አድርቆታል። ሰው ቢያዛጋ አፉ እንደተከፈተ የሚቀርበት ብርድ ነበር። በእንዲህ ያለ ጠዋት የቆመ መኪና ኮፈኖ የነካውን ጣት ቆዳ ልጦ ማስቀረት ነበረበት። የዚህች ግን ከምድጃ እንደወረደ ድስት ለብ ብሏል።

አጎት ዱዌይን በራሱ አቆጣጠር በሕይወቱ ሰባት መቶ ያገለገለ መኪና ገዝቷል። በዓይን የታዩት ስድስት ናቸው፤ ከስድስቱም አራቱ ዛሬ ከቤቱ ኋላ ሣር በቅሎባቸው ዶሮ ይፈለፍልባቸዋል። ይሁንና በዚያ አገር ሕፃን ጡት ሳይጥል የሚማረውን ሕግ እሱም ያውቃል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የሚሄደው ሞተሩ ሳይሞቅ ነው። ሕመም ያለበት ሞተር የሚያስለው ጠዋት በብርድ ሲነሳ ነው፤ አንዴ ከሞቀ በኋላ ጤነኛ መስሎ ይሸውዳል። ቀድሞ የሚያሞቅ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው።

መኪናዋ ጥቁር ሰማያዊ ዶጅ ቻሌንጀር ናት። ትከሻዋ እንደ ኮርማ የሰፋ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ስትነሳ የሦስት መንደር ውሾች ስብሰባ የሚጠሩላት። ዊላ ለእሷ ስትል አራት ወይፈን ሸጣለች። ከአስራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ጥጃ እያሳደገች፣ እያጠበች፣ ስም እያወጣች፣ ነሐሴ ላይ በአውራጃው የገበሬዎች ትርኢት ለጨረታ አቅርባለች። በየዓመቱም ከበረቱ ኋላ ተደብቃ አልቅሳለች። በትምህርት ቤት «እበት» ነው የሚሏት። ሰኞ ጠዋት ይህችን መኪና እያስገሳች ግቢው ስትገባ የሚያፈጡትን ዓይኖች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ በሐሳቧ ሺህ ጊዜ አይታቸዋለች።

«ወይዘሮ ሬንከርት» አለ አጎት ዱዌይን፣ ድምፁን እንደ ዳኛ አወፍሮ። «ስንመጣ ሞተሩ ሳይነሳ ይጠብቀን ብዬ በስልክ ለምኜዎት አልነበር?»

የመኪናዋ ባለቤት ወይዘሮ ሬንከርት ጋራዡ በር ላይ ቆመዋል። ትንሽዬ ሴት ናቸው፤ የለበሱት የወንድ የሥራ ጃኬት እስከ ጉልበታቸው ወርዷል። ልጃቸው ብሬት ባለፈው የካቲት በረዶ በጋገረው የባሕር ወሽመጥ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ በረዶው ከድቶት ሰጥሟል። አውራጃው ሁሉ ያውቃል። መኪናዋ የእሱ ነበረች።

«ብለውኝ ነበር» አሉ።

«ታዲያስ?»

«ረስቼ ነው።»

«ይረሳል! እኔም ሚስቴ ግዛ ያለችኝን እረሳለሁ። ግን ረስቼ መግዛት ይቀረኛል እንጂ፣ ረስቼ ሞተር አላስነሳም!» ሳቀ፤ አብሮት የሳቀ የለም። «ግድ የለም፣ አልቀየምም። ነቄ ነን። ሲቀዘቅዝ የሚያስል ሞተር ደግሞ በአስራ ሦስት ሺህ አይሸጥም። አስር ሺህ።»

«ምንም ሕመም የለባትም።»

«ኮፈኖው እንደዚያ አይልም።»

ወይዘሮ ሬንከርት ከንፈራቸውን ነከሱ። የሆነ ነገር አፋቸው ድረስ መጣና መለሱት። «ይሁን» አሉ።

አጎት ዱዌይን ራሱ ደነገጠ። ዊላን ወደ ጥግ ስቦ በሹክሹክታ፣ ማለትም ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ፣ «ሦስት ሺህ ዶላር! በሁለት ደቂቃ! ባንክ የሚዘርፉት እንኳ እንዲህ አይፈጥኑም!» አለ። «ያ የበረዶውን ወራት ሙሉ ኢንሹራንስሽ ነው። ሰኞ ትነጃታለሽ። የሞተር መመርመሪያዬን ከመኪናዬ ላምጣ። እስከዚያ ግቢና ተቀመጭባት፤ ምንም እንዳትናገሪ፣ ፊትሽን አኮሳትሪ።»

ዊላ በሩን ከፍታ ልትገባ ስትል ጉልበቷ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ወንበሩ መጨረሻ ድረስ ወደ ፊት ተስቧል። እየተጣጠፈች ተቀመጠች። ከማርሹ አጠገብ ባለው የኩባያ ማስቀመጫ ውስጥ ግማሽ የተጠጣ ሻይ አለ። ነካችው። ገና አልበረደም።

«ወንበሩን ወደ ኋላ ሳቢው፣ የኔ ልጅ» አሉ ወይዘሮ ሬንከርት፣ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው።

«ብሬት እንዲህ ቀርቦ ነበር እንዴ የሚነዳው?»

«ብሬት? ያ ቀውላላ! ‹ከኋላ ወንበር ሆነህ ነው የምትነዳው› እያልን አልነበር የምንስቅበት።» ፈገግታው ፊታቸው ላይ ትንሽ ቆየና መውጫ ያጣ ይመስል እዚያው ደረቀ።

ዊላ ሻዩን አየች። ወንበሩን አየች። ከዚያ ጃኬቱን። ለመጠየቅ አልደፈረችም፤ ሴትዮዋ ግን ጠየቀችኝ ብለው ይሁን፣ ወይ ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ፣ ተናገሩ።

«ለሥራ የሚወጣው ገና ሳይነጋ ነበር። ሲያስነሳት የመኝታ ቤቴ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ስንቴ ጮኼበታለሁ መሰለሽ! ‹ሰፈሩን ታስነሳለህ፣ ይህን ጉድ ሽጥልኝ› እያልኩ።» የጃኬቱን እጅጌ ወደ ታች ጎተቱ። «አሁን የጋራዡን በር ወለል አድርጌ እከፍታለሁ፣ ሻዬን ይዤ እገባለሁ፣ አስነሳታለሁ። መንዳቱንስ አልችልበትም። ዝም ብዬ እሰማታለሁ። ጎረቤቶቼ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡኝም፣ እግዜር ይስጣቸው።»

«ዛሬም…»

«ዛሬ አላስነሳም ብዬ ነበር። ለአጎትሽ ቃል ገብቻለሁ እኮ። ግን የመጨረሻው ጠዋት ነው ስል እግሬ ራሱ ወሰደኝ።»

«ለምን አልነገሩትም? ሌባ አደረገዎት እኮ!»

«ሌባ ቢለኝ ይሻለኛል። ‹አሳዛኝ ሴትዮ› ተብዬ በየቤቱ ከሚወራብኝ።» ቀና አሉ። «አደራ፣ እንዳትነግሪው።»

«ካልፈለጉ ለምን ይሸጧታል ታዲያ?»

«እህቴም፣ ፓስተሩም፣ ሁሉም ‹አሁንስ ጊዜው ነው› ይሉኛል። እኔንጃ። ጊዜው መሆኑን በምን እንደሚያውቁት።»

ውጭ የአጎት ዱዌይን ጫማ በረዶውን ሲፈጭ ተሰማ። ዊላ መሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች። ምንም ባትናገር ነገሩ አልቆ ነበር። መኪናዋ ትወጣለች፣ ኢንሹራንሱ ይከፈላል፣ ሰኞ እነዚያ ዓይኖች ይፈጣሉ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት፤ እሱንም አጎቷ አዟታል።

ወጣችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

«አስራ ሦስት ሺውን እከፍላለሁ» አለች።

አጎት ዱዌይን መመርመሪያውን ሊጥል ምንም አልቀረው። «ምን አልሽ?»

«የተጠየቀውን።»

«ልጅቷን ብርድ መታት! ወይዘሮ ሬንከርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የእህቴ ልጅ ናት፣ እንዲህ የሚያደርጋት የአባቷ ወገን ነው። አንቺ፣ ኮፈኖው ሞቋል እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ኢንሹራንሱንስ በምን ልትከፍዪ ነው? በወይፈን ጭራ?»

«አልከፍልም። በረዶው እስኪያልፍ አልነዳትም። መንገዱ ሁሉ በረዶ ለማቅለጥ የተበተነ ጨው ነው፣ ብረቷን ይበላታል። አንተ ራስህ ትል የለ?» ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «ወይዘሮ ሬንከርት፣ እስከ ሚያዝያ እዚሁ ብትቆይልኝ?»

«እዚህ?»

«ጎተራዬ ምን ሆነና!» ጮኸ አጎት ዱዌይን።

«ጎተራህ ውስጥ አይጥ አለ። ያለፈው ዓመት የትራክተሩን ሽቦ ማን በላው?» ከዚያ ወደ እሱ ሳታይ ቀጠለች። «ብቻ በየጠዋቱ ቢያስነሱልኝ። ባትሪው እንዳይሞት።»

አጎት ዱዌይን አፉን ከፈተ። በየዓመቱ የምስጋና በዓል ገበታ ላይ፣ ቱርኪው ሳይቆረጥ፣ የሚሰብከው ስብከት ነበረው። ለወራት የተቀመጠ መኪና አይነካም! እየተነሳ የማይሄድ ሞተር ዘይቱ ይበላሻል፣ ውስጥ ውስጡን ይበላል! ዊላም የጋራዥ ትምህርት መምህሯ ይህንኑ አስተምሯት በፈተና ላይ ጽፋ ሙሉ ነጥብ አግኝታበታለች። አሁን ግን ወደ እሱ ፊቷን አላዞረችም።

«በስንት ሰዓት ላስነሳት?» አሉ ወይዘሮ ሬንከርት። ቁልፉን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«እንደ ወትሮው» አለች ዊላ።

የአጎት ዱዌይን አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ሴትዮዋን አየ፣ እስከ ጉልበታቸው የወረደውን ጃኬት አየ፣ በመስኮቱ ውስጥ ያለችውን የሻይ ኩባያ አየ። ከዚያ መመርመሪያውን ኪሱ ከተተና የሽያጩን ወረቀት የሚፈርምበት እስክሪብቶ መፈለግ ጀመረ። ሦስት ጊዜ አንዱኑ ኪስ ፈተሸ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሃያ ሁለት ማይል ሙሉ አልተናገረም። አጎት ዱዌይን ተወልዶ እስከዚያ ቀን ድረስ ሃያ ሁለት እርምጃ እንኳ ዝም ብሎ ሄዶ አያውቅም። ዊላ በመስኮቱ የታጨዱትን የበቆሎ ማሳዎች እያየች ሰኞ በቢጫው የተማሪዎች አውቶቡስ ውስጥ የት እንደምትቀመጥ አሰበች። ጉንጯን በእጅጌዋ ጠረገችው።

የቤታቸው መታጠፊያ ሲደርሱ አጎቷ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሚያዝያ ላይ» አለ፣ መንገዱን እያየ፣ «ከሁሉ በፊት ዘይቱን እንቀይራለን።»

«እሺ» አለች ዊላ።