እሑድ ዘጠኝ ሰዓት

መጀመሪያ የሰማው የእንቁራሪት ጩኸት ነው።

ጠጋኙ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ የወደቀችበትን ብሎን ይፈልግ ነበር። እዚህ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ ሲያንኮራፋ፣ ቴሌቪዥን ሲያፏጭ ሰምቶ ያውቃል። እንቁራሪት ግን ገጥሞት አያውቅም። ብሎኗን አገኛትና በከንፈሩ ይዞ ቀና ሲል ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው። ዓይኑን ሲገልጥ ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ከመደርደሪያው ወዲያ ቆማለች። በብብቷ በፎጣ የተጠቀለለ ዕቃ አቅፋ፣ በሌላው እጇ የሚጮኸውን ስልኳን ዝም ለማሰኘት ትታገላለች።

የምሳ ሰዓቷ ማለቁን የሚነግራት ደወል እንደሆነ ይቅርታ እየጠየቀች አስረዳችው። ሰባት ሰዓት ላይ ነው የምትሞላው። ጠጋኙ ግድግዳ ላይ ያለውን የሱቁን ሰዓት አየ፤ ለሰባት ሃያ ጉዳይ ይላል። «ጠንቃቃ ልጅ ናት፤ አስቀድማ ነው የምታስጮኸው» ብሎ አሰበና ነገሩን እዚያው ተወው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ሰዓት የሚያይበት ዓይን አልነበረውም።

ልጅቷ ከመንገዱ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ናት። ፎጣውን ስትፈታው ውስጡ ያለው የጌም ማጫወቻ ነው። የታናሽ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ ዕቃ መስሎት ነበር።

«የአባቴ ነው» አለችው።

አባቷ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። የመንገድ ጥላ ባዩ ቁጥር ፍሬን ስለሚይዙ ተሳፋሪው «ጋሽ ፍሬን» አላቸው፤ ስሙ ከሥራው ጋር ጡረታ አልወጣም። ከሁለት ዓመት በፊት ከወንድሟ ጋር በትምህርቱ ጉዳይ ተጣሉ። ክፉ ቃል ወጣ፤ ወንድሟ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሌላ ከተማ ገባ። ከዚያ ወዲህ ማን ይደውል? ለሁለቱም ቀድሞ መደወል መሸነፍ ነው። ማጫወቻው ግን ቤት ቀርቶ ነበርና አንድ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቷ አባቷን አስቀምጣ ጆይስቲኩን በእጃቸው አስያዘቻቸው። ወንድሟ በዚያ በኩል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየእሑዱ ዘጠኝ ሰዓት አባትና ልጅ በኢንተርኔት ኳስ ይጫወታሉ። የሚነጋገሩት «አቀብል»፣ «ፋውል ነው»፣ «ዳኛው ዕውር ነው» ብቻ ነው። ቢሆንም ይነጋገራሉ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ማጫወቻው ራሱን አደሰና አካውንቱን ዘጋው። ለመግባት ፓስዎርድና ከእሷ ስልክ የሚወጣ ስድስት አኃዝ ቁጥር ይጠይቃል። ፓስዎርዱን ይቀበላል፤ ቁጥሩን «ስህተት» ብሎ ይመልሳል። ለድርጅቱ ብትጽፍ መልስ ለማግኘት ሠላሳ ቀን ጠብቂ አሏት። ለወንድሟ ደውላ ዕቃው እንደተበላሸ ብትነግረው ሳቀባት።

«‹ካልፈለገኝ አልፈልግህም ይበለኝ፤ በዕቃ አያላክክ› አለኝ» አለች ፎጣውን እያጠፈች። «ሰኞ ለጉድጓድ ቁፋሮ በረሃ ይወርዳል። ለአንድ ዓመት ኔትዎርክ የለም። የቀረን አንድ እሑድ ነው።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ጠጋኙ ማጫወቻውን ከሱቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ገመዱን፣ ማራገቢያውን፣ ኔትዎርኩን አንድ በአንድ አየ። ጤነኛ ነው። ከቤታቸው ኢንተርኔት ጋር ሆኖ መታየት አለበት አላት። ግማሹ እውነት ነበር፤ ሌላው ግማሽ የልቡ ነው።

ሐሙስ ሄደ። ጋሽ ፍሬን ባለሦስት ሰው ሶፋ መሃል እንደ መሪ ፊት ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ልጅቷ በቀኝ፣ ጠጋኙ በግራ ሆኑ። ጎንበስ ብሎ ሊያያት ሲል የሽማግሌው ትከሻ ይመጣል፤ ወደ ኋላ ለጠጥ ሲል እሳቸውም ለጠጥ ይላሉ። ራውተሩን አጥፍቶ አበራ። በገመድ ሞከረ። ማጫወቻው ላይ ያለውን ቀንና ሰዓት አየ፤ ትክክል ነው። ልጅቷ ቁጥሩን ከስልኳ እያነበበች እሱ አስገባ፤ ማጫወቻው ሦስት ጊዜ ጢጥ ብሎ ከለከለው። ሁለት ሙከራ ብቻ እንደቀረ፣ ከዚያ በኋላ አካውንቱ ለአንድ ወር እንደሚቆለፍ በቀይ ጻፈ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል» አሉ ጋሽ ፍሬን። «አንተ ግን ሳትቸኩልም አፈሰስክ።»

ዓርብ፣ ሌሊቱን ሲያስብ ያደረውን ይዞ ተመለሰ። በሩን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። «ዓይንህን በጨው አጥበህ ዛሬም መጣህ፣ ብሎኔ?» አሉት። ሁልጊዜ ብሎን በከንፈሩ ስለሚይዝ ነው ስሙን ያወጡለት። ማጫወቻው ውስጥ ያለውን ሁሉ ደምስሶ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጫነው። ቁጥሩን አስገባ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። አንድ ሙከራ ቀረ።

ያን ጊዜ ከውስጡ ደስ ደስ አለው፤ ነገም ሊመጣ ነዋ። ወዲያው ዓይኑ በሩ ጀርባ የተንጠለጠለ ሸሚዝ ላይ አረፈ። ተተኩሷል፤ አንገቱ እንደ ወረቀት ቆሟል። ጋሽ ፍሬን ልጃቸው በማያያቸው ጨዋታ ላይ ለመቀመጥ ለእሑድ ያዘጋጁት ነው። ጠጋኙ በደስታው አፈረ።

ልጅቷ እስከ በር ሸኘችው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሥራ አርፍዳ ስለምትገባ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷት እንደነበር እየሳቀች አጫወተችው። አባቷ ደብዳቤውን አንብበው ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሱም። እንግዲህ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ምን እንደነካት አታውቅም፤ መድኃኒት ቤቱን የምትከፍተው እሷ ሆናለች፤ አለቃዋም አመስግነዋታል። የመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ይጎትታል። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አባቷ በሌሉበት ስለ ቁጥሩ ጉዳይ ተረጋግተው ቢነጋገሩ ይሻላል አለች። ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ።

ስለ ቁጥሩ ጉዳይ። ጠጋኙ ይህን ለራሱ እየደጋገመ፣ መንገድ ስቶ፣ ሁለት ፌርማታ አልፎ ወረደ።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ደቂቃ ሳያዛንፍ፣ ደረሰ። ልጅቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ግድግዳ ተደግፋለች። ፊቷ ጠቁሯል።

«ሃያ ደቂቃ» አለች። «የወንድሜ ‹ነገ እደውላለሁ› አይበቃኝም? ደግሞ አንተ?»

ስልኩን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከተተ። ዓይኗን ሲያይ ባዶ እጁን መልሶ አወጣ። ተከራክሮ ቢረታት ምን ያተርፋል? ይቅርታ ጠየቃት።

«ነገ ለሥራው ብቻ ና» ብላው ሄደች።

ጠጋኙ የተደገፈችው ግድግዳ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ሃያ የሚለው ቁጥር ጆሮው ውስጥ ይንጫጫል። ከዚህ በፊትም የሆነ ቦታ አግኝቶታል፤ የት እንደሆነ ግን ጠፋው።

እሑድ ሲገባ ከቴሌቪዥኑ በላይ ያለው የግድግዳ ሰዓት ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ይላል። ልጅቷ ሰዓቱን አየች፤ እሱን አየች። ጋሽ ፍሬን የተተኮሰውን ሸሚዝ ለብሰው፣ ማዳመጫውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መሃል ተቀምጠዋል። እሳቸው ግን አልተጣደፉም። ግድግዳውን ቀና ብለው አላዩም። እጅጌያቸውን ሰብስበው ያዩት የእጅ ሰዓታቸውን ነው፤ ያን ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ያስነሡበትን።

ጠጋኙም በጎን አየው። ስምንት ሰዓት ተኩል።

ሃያ ደቂቃ። እንቁራሪቷ። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት። ወደ ኋላ የሚጎትተው የመድኃኒት ቤቱ ሰዓት። ሁሉም ነገር እንደ ተበታተነ ብሎን አንድ በአንድ እየተንከባለለ መጥቶ ቦታው ገባ። ያ ስድስት አኃዝ ከሰዓት ነው የሚወለደው፤ በየሠላሳ ሴኮንዱ አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ይተካል። ስልኩ ሃያ ደቂቃ ከቀደመ የሚሰጠው ቁጥር ገና ያልተወለደ ነው፤ ማጫወቻው እንዴት ይወቀው? የልጅቷን ስልክና የቤቱን ሰዓት ያስቀደመ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አንብቦ እህል ያልቀመሰ ሰው። ልጃቸው ከሥራዋ እንዳትባረር ብለው በተኛችበት ያደረጉት ነገር፣ ከሌላው ልጃቸው ጋር የሚገናኙበትን በር በራሳቸው ላይ ዘግቶባቸዋል። እሳቸውም አያውቁም።

ቀና ሲል ጋሽ ፍሬን እያዩት ነበር። ሽማግሌው እጅጌያቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ጆሯቸው እስኪቀላ ድረስ አፈሩ።

መናገር ይችል ነበር። ትናንት እንዳልዘገየ በአንድ ቃል ማስመስከር ይችል ነበር። ልጅቷን ስልኳን እንድትሰጠው ጠየቃት። ሰጠችው፤ ጣቷ እጁን እንዳይነካው ተጠንቅቃ። ሰዓቱን ከኔትዎርክ እንዲወስድ አስተካከለና መለሰላት።

«ስልኩ ሰዓት ስቶ ነው» አለ። «አንዳንድ ስልክ እንዲህ ያደርጋል። አሁን አዲሱን ቁጥር አንብቢልኝ።»

ጋሽ ፍሬን ሳል ያዛቸው።

ልጅቷ እያንዳንዱን አኃዝ እንደ መድኃኒት መጠን ጠብታ በጠብታ አነበበች። ስድስተኛውን ሲያስገባ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። ጢጥ አላለም። ማጫወቻው ከዚህ በፊት ያልሰሙትን ረዘም ያለ፣ ለስለስ ያለ ዜማ አሰማና የጋሽ ፍሬን ስም እስክሪኑ ላይ በራ። ከሥሩ የልጃቸው ስም አለ፤ ግራጫ ነው፤ አልገባም።

የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ሞላ። ስሙ ግራጫ ነው። ዘጠኝ ከአምስት። ልጅቷ ጉልበቷን አቅፋ፣ ድሮም እንደማይመጣ ታውቅ እንደነበር አጉረመረመች። ዘጠኝ ከአሥር። ሁለቱ ወንዶች ግን የሚጠብቁት ሌላ ሰዓት ነው። የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ከሃያ ሲል ስሙ አረንጓዴ ሆነ።

«አባዬ?» አለ ከቴሌቪዥኑ የወጣው ድምፅ። «ልክ በሰዓቱ ተገኘህ።»

ልጅቷ ስልኳን አየች። ዘጠኝ ሰዓት። ግድግዳውን አየች። እንደገና ስልኳን አየች። ቀስ ብላ ወደ አባቷ ዞረች። ጋሽ ፍሬን ግን የያዙትን ጆይስቲክ እያዩ ማዳመጫው ላይ ወዳለው ማይክ ጎንበስ አሉ።

«ዕቃው አልተበላሸም ነበር» አሉ ለልጃቸው። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

በዚያ በኩል አንድ ሰው አፍንጫውን ሲጠርግ ተሰማ።

«እኔም አግዤሃለሁ፣ አባዬ» አለ ልጁ። «በል እንግዲህ፣ ኳሷን አስጀምራት።»

ጨዋታው ተጀመረ። ጋሽ ፍሬን ሲያጠቁ ወደ ፊት፣ ሲከላከሉ ወደ ኋላ ይላሉና ከጀርባቸው በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍት ቦታ ተገኘ። ልጅቷ በዚያ በኩል ወደ ጠጋኙ ዘንበል አለች።

«ትናንት አልዘገየህም ነበር» አለች በሹክሹክታ።

«አልዘገየሁም።»

«ለምን ዝም አልክ?»

ይህ ሌሊቱን ያላዘጋጀው ብቸኛ ቃል ነበር።

«ሃያ ደቂቃ ጠብቀሽኛል» አለ። «እኔን እስከ ዛሬ ማንም ጠብቆኝ አያውቅም። ተመስገን ልበል ወይስ ልከራከር?»

ልጅቷ የስልኳን መስታወት በቀሚሷ ጫፍ፣ ቆሻሻ ሳይኖረው፣ ደጋግማ ጠረገችው። ከዚያ እጇን በሶፋው መደገፊያ ላይ፣ ከአባቷ ጀርባ፣ አሳረፈችው። እሱም የእሱን አሳረፈ። በሁለቱ መሃል አንድ ስንዝር እንኳ አልነበረም።

ልጁ ሦስት ለሁለት አሸነፈ። በረሃውን ሲጨርስ መጀመሪያ የሚመጣው ቤት እንደሆነ ተናገረ፤ ጋሽ ፍሬንም ሸሚዝ ተኩሰው እንደሚጠብቁት ነገሩት። ልጁ ሳቀ። ስሙ መልሶ ግራጫ ሆነ፤ ይህኛው ግራጫ ግን አላስፈራም።

ጋሽ ፍሬን ማዳመጫውን አወለቁ። ከሶፋው መሃል ተነሡ። ወንበር ስበው ወጡበትና የግድግዳውን ሰዓት ከምስማሩ አወረዱት። የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ የደቂቃ ቆጣሪውን ሃያ ደቂቃ ወደ ኋላ መለሱት፤ መልሰው ሰቀሉት፤ በጣታቸው አቃኑት። ከወንበሩ ወርደው ኮፍያቸውን አነሡ። በጠጋኙ አጠገብ ሲያልፉ አንድ ጊዜ ትከሻውን ያዝ አድርገው ለቀቁት።

«አባዬ፣ ወዴት ነህ?» አለች ልጅቷ።

ኮፍያቸውን ደፉ፤ ወጡ፤ በሩን ከውጭ ቀስ አድርገው ዘጉት።